መሐለኛው ጢማም

ባሌ ወንዳፍራሽ ኤንግልስ ነበር ብል «ጠጥታለች» ትሉኛላችሁ። አልጠጣሁም። የጋምቤላ ሙቀት ብቻውን ያሰክራል፣ ደግሞ መጠጥ ምን ያደርግልኛል! ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን በሉ።

የሺአረግ እባላለሁ። የመስተዳድሩ ጽሕፈት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ወንዳፍራሽ «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ብሎ ከጎጃም ይዞኝ ሲመጣ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር። ይኸው፣ ሁለት ዓመቱ አላለቀም። እሱ የሰሌዳ ጸሐፊና ሠዓሊ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማው ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ሁሉም ስሙን ያገኘው ከእሱ ብሩሽ ነው።

በሰባ ሰባት መስከረም አብዮቱ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ሆነ። ያኔ በየአገሩ ሦስቱ ጢማሞች ይሰቀሉ ነበር፤ ማርክስ፣ ኤንግልስ፣ ሌኒን። ለኛም አዳራሽ በሦስት ትልልቅ ኮምፔንሳቶ ላይ እንዲሥላቸው ወንዳፍራሽ ታዘዘ። አስመስለህ ሣል ተብሎ የተሰጠው ከአዲስ አበባ የመጣ የመጽሔት ሽፋን ነው። የመጣው በክረምት፣ በጭነት መኪና ነው። ማርክስ ደህና ደረሰ። ሌኒንም ደህና ደረሰ። መሐለኛውን ግን ዝናብ አግኝቶት ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ታጥቦ ሄዷል። የቀረው ፀጉሩና ጢሙ ብቻ ነው።

«አሁን የዚህን ሰውዬ ዓይን ከየት ላምጣ?» አለኝ ወንዳፍራሽ። በዓሉ ሊደርስ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ኤንግልስን ዝናብ መታው ብሎ ለካድሬ የሚነግር ወንድ ደግሞ በዚያ ጊዜ አልተፈጠረም።

መስተዋት ፊት ተቀመጠና የራሱን ሣለ። የራሱን ግንባር፣ የራሱን ዓይን፣ የራሱን አፍንጫ። ልጅ ሳለ በቅሎ ረግጣው ግራ ቅንድቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ እጁ ለምዶት ያንንም ሣለው። ከአፍንጫ በታች የፈረንጁን ጢም አለበሰው። እሱ ራሱ በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነበር፣ ጢም ያሳክከኛል እያለ።

ካድሬው እጁን ወደኋላ አጣምሮ መጣ። «ማርክስ ጥሩ ነው» አለ። «ሌኒንም ጥሩ ነው። ኤንግልስ ግን… ጓድ ወንዳፍራሽ፣ ይኼ እኮ ሕይወት አለው!» እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነከስኩ። ማታ ወንዳፍራሽ «ትንፍሽ ብትዪ ሁለታችንም አለቀልን» ብሎ በሚካኤል አስማለኝ። አንድም ሰው አልነገርኩም።

በሰማኒያ ሁለት ለውትድርና ወሰዱት። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከደሴ። «እጄን ስላወቁብኝ የመኪና ቁጥር እየጻፍኩ ነው፣ አታስቢ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ዝም። በሰማኒያ ሦስት ግንቦት መንግሥቱ ወደቀ፣ ወታደሩም በየአቅጣጫው ወደ ቤቱ ይጎርፍ ጀመር። ስንት ቀን ባሮ ድልድይ ላይ ቆሜ የሚመጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየሁ መሰላችሁ። የሁሉም ሚስት ባሏን አገኘች አልልም፤ ግን የኔ አልመጣም።

አንድ ዓመት አለፈና ወንድሜ ከጎጃም ላከብኝ። «እርምሽን አውጪ። ልቅሶ ተቀመጪና ሰው ያስተዛዝንሽ። እስከ መቼ በር በር ታያለሽ?» እውነቱን ነው። ግን በኛ አገር ልቅሶ ሲቀመጡ የሟቹ ፎቶ ይወጣል። አልቃሽዋ ፊቱን እያየች ትጣራለች፣ ለቀስተኛው ፊቱን እያየ ያለቅሳል። ያለችን አንድ የሠርግ ፎቶ ነበረች፤ ባሮ ሞልቶ ቤታችን የገባ ዓመት ሣጥን ውስጥ እንዳለች ረጥባ ሁለታችንም ነጭ ሆነን ቀረን። ውኃ ከኛ ጋር ምን ቂም እንዳለው እንጃ። እና ምን ላውጣ? ባዶ ወንበር አስቀምጬ አልቅሱልኝ ልበል?

የወንዳፍራሽ ፊት በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመሐለኛው ጢም በላይ። ሦስቱ ጢማሞች ደግሞ ያን ግንቦት ከአዳራሹ ወርደው የንብረት ክፍል መጋዘን ተወርውረዋል።

እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ያ ጊዜ የሰው ሁሉ የኋላ ታሪክ የሚታይበት ጊዜ ነበር። አንዲት ጽዳት ተነሥታ «ኤንግልስን ስጡኝ» ብትል ምን ትባላለች? አንድ ዓመት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። በሰማኒያ አምስት ግን ጋምቤላ ክልል ዐሥራ ሁለት ተባለችና ለአዲሱ መስተዳድር የስም ሰሌዳ ሊሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከተማው ውስጥ ኮምፔንሳቶ የለም። ከመጋዘኑ ይውጣ ተባለ። የንብረት ክፍሉ አስማረ ዘንድ ሮጥኩ።

«አቶ አስማረ፣ ከነዚያ አሮጌ ኮምፔንሳቶዎች አንዱን ብትሰጡኝ? ለሽንት ቤቴ በር።»

አስማረ የመንዝ ሰው ነው፤ ለዕቃ ሲሆን ነፍሱን ይሰጣል እንጂ ዕቃውን አይሰጥም። ያን ቀን ግን ምን እንደነካው አላውቅም፣ አለቃችንን አቶ ኒካውን አስፈርሞ ፈቀደልኝ። በደስታ ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ያወጣልኝን ገልብጬ ባይ ሌኒን ነው።

«ይኼ አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ማለቴ… ሌላው የለም?»

«ሴትዮ፣ ለሽንት ቤት በር ደግሞ ምርጫ አለው እንዴ?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይስ ኢሠፓ ነበርሽ?»

ሌኒንን ተሸክሜ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሽንት ቤቴ በር እሱ ነው፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ ሰቅየዋለሁ፣ ነውር አላውቅም እንዳይባል።

መሐለኛውስ? አናጢው ኦባንግ ለስም ሰሌዳው ወስዶታል ተባልኩ። ኦባንግ አኙዋ ነው፣ የመካነ ኢየሱስ ሰው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። በፊት የወንዳፍራሽን ሰሌዳዎች ክፈፍ የሚመታለት እሱ ነበር። የሥራ ቦታው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ስደርስ ሰሌዳው ጣውላ ላይ ተጋድሟል፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ «ክልል 12» የሚለው ተጽፎበታል። እዚያው ፍልጣፍልጡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኦባንግ፣ ምነው! ባሌን ቀባኸው!» አልኩ። በሚካኤል የማልኩትንም ረሳሁት።

ኦባንግ ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ። «እህቴ፣ አልቀባሁም» አለ። ሰሌዳውን በአንድ ጎኑ ቀና አደረገው። ያ ሁሉ ጽሕፈት ጀርባው ላይ ነው። ከሥር፣ ፊት ለፊት በኩል፣ ወንዳፍራሽ ከጢሙ በላይ ያየኛል። የተከፈለው ቅንድቡ አለ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«መስተዋቱን ማን ያዘለት?» አለ ኦባንግ። «እኔ ነኝ። እጄ ደክሞኝ ነበር። እሱ ደግሞ ‹ቀና አድርግ፣ ቀና አድርግ› ይላል። እኔንም አስምሏል።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ምስጢር ብቻዬን ተሸከምኩ ስል ኖሬ ለካ ሌላም ሰው ተሸክሞታል። አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ስጠኝ አልኩት። አይሆንም አለ፤ ተቆጥሮ በፊርማ የወጣ ዕቃ ነው፣ ነገ ይሰቀላል፣ ሌላ ለመጻፍ ጊዜ የለም።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ እሰቅላለሁ። ዝናብ አያገኘውም። ስም ሲቀየር አወርዳለሁ፣ ላንቺ እሰጣለሁ።»

«መቼ ነው የሚቀየረው?»

«የመንግሥት ስም ነው፣ እህቴ። ይቀየራል።»

ሦስት ዓመት ፈጀ። ሦስት ዓመት በጽሕፈት ቤቱ በር ስገባ ስወጣ ባሌ ከአናቴ በላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፣ እንደተኳረፈ ሰው። ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ በሩ ላይ ስወለውል «እንዴት አደርክ» እለዋለሁ። ሰው ከመጣ ዝም እላለሁ። አንዳንዴ ግድግዳውን በመዳፌ ነካ አደርጋለሁ፤ ፀሐይ ስለሚመታው ይሞቃል።

ከተማው ሌላ ሆነ። የማውቃቸው ደገኞች ግማሹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሄዱ። በጽሕፈት ቤቱ ስብሰባው በየቋንቋው ሆነ፤ እሰየው፣ አገራቸው ነው፣ በአፋቸው ይነጋገሩ። እኔ ግን ሻይ ይዤ ስገባ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ባሮ ዳር ልብስ ሳጥብም ሴቶቹ በአኙዋ እየተጫወቱ ሲስቁ እኔም ዘግየት ብዬ አብሬ እስቃለሁ። አይከፉብኝም፣ ሳሙናም እንበዳደራለን። ግን «ወንዳፍራሽ እኮ እንዲህ ይል ነበር» ብዬ የምጀምርለት ሰው አንድም አልነበረኝም። ብቸኝነት ማለት ይኼ ነው፤ ሰው ማጣት አይደለም፣ የሚያውቅልሽ ማጣት ነው።

ወንድሜ በየዓመቱ ይልክብኛል፤ «እርምሽን አውጪ።» እኔም በየዓመቱ እመልሳለሁ፤ «ስሙ ይቀየርና።» ወንድሜ አብዳለች ሳይል አልቀረም።

በሰማኒያ ሰባት ክረምት ማብቂያ ላይ ተቀየረ። ሕገ መንግሥት ወጥቷል፣ ቁጥሩ ቀርቶ «የጋምቤላ ሕዝቦች ክልል» ተብሏል፣ አዲስ የላሜራ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሰዉ እያጨበጨበ አዲሱን ያያል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ አሮጌውን አያለሁ። ኦባንግ መሰላል ላይ ወጥቶ አወረደው። አስማረ «ይኼ ደግሞ ወዴት ነው?» ሲል ኦባንግ «ምስጥ በልቶታል፣ ለማገዶ» አለው። የማይዋሽ ሰው ነበር፤ ደግሞም ጠርዙን እውነትም ምስጥ በልቶታል።

ማንጎው ሥር ወስደን ገለበጥነው። ፊቱ ደህና ነው። ግን ምን ልበላችሁ… ሦስት ዓመት ስናፍቀው ኖሬ ሳየው መጀመሪያ ያየሁት ጢሙን ነው። ያ ሁሉ ጢም! አንድ የማላውቀው ፈረንጅ የባሌን ዓይን ሰርቆ የሚያየኝ መሰለኝ።

«ኦባንግ፣ እባክህ፣ ይኼን ጢም ላጭልኝ» አልኩት። «የፊታችን እሑድ ልቅሶ ልቀመጥ ነው። እንዲህ ሆኖ አይወጣም።»

ሣቀ። «እሺ፣ እንላጨዋለን።» ቡናማና ቢጫ ቀለም ደባልቆ፣ ከግንባሩ ጋር እያስተያየ፣ የወንዳፍራሽን መልክ አወጣው። ልክ የሱ ቀለም! ብሩሹን ነከረና ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አገጩ እንዴት ነበር?»

«አገጩ?»

«አዎ። ሹል ነው? ሰፊ ነው? መሐሉ ሰርጎድ ያለ ነው?»

ዐሥር ዓመት ሙሉ አብሬው ተኝቻለሁ። ሲላጭ ውኃ ያሞቅኩለት እኔ ነኝ፣ አረፋውን በፎጣ ጠርጌለታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት። ፎጣው መጣልኝ፣ ምላጩ መጣልኝ፣ የሳሙናው ሽታ ሳይቀር መጣልኝ። አገጩ የለም።

«አንተስ?» አልኩት፣ ልለምነው ምንም አልቀረኝ። «መስተዋቱን ስትይዝ አላየኸውም?»

«እኔ መስተዋቱን ወደ ዓይኑ ነው የያዝኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ከአፍንጫ በታች አልያዝኩም። ይቅርታ፣ እህቴ።»

ብሩሹ ጫፉ ላይ ቀለም አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ዝም ብዬ ሹል ነው ብል ይሥለዋል። ክብ ነው ብልም ይሥለዋል። ያ ሰው ግን ማን ይሆናል?

«ተወው» አልኩት። «ጢሙ ይሁን።»

እሑድ ዕለት ኒውላንድ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጅ ድንኳን ተተከለ። ሠላሳ ሰው እንኳ አይሞላም። ሰሌዳውን ወንበር ላይ አቁሜ ነጠላ ጣል አደረግሁበት። አስማረ ገብቶ ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ፣ «ይኼ እኮ…» ሊል ሲጀምር ኦባንግ ክንዱን ያዝ አደረገው። አንዲት ጎረቤቴ «ጢም ነበረው እንዴ?» አለችኝ።

«ከሄደ በኋላ ነው ያበቀለው» አልኳት።

ከዚያ ተነሣሁና ፊቱ ቆምኩ። ለአምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ሙሾ ነበረኝ፤ እጀ ብልሁ፣ የሰሌዳው ጌታ፣ የምለው ብዙ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ደረቴን መታሁና የወጣልኝን ጮህኩ፤

«ወንዴ! ወንድዬ! አገጭህን ረሳሁት!»