የተላከው ስም

ሁለቱ ወጣቶች በጥር መጨረሻ የቲቸር ሰርካን የጓሮ ቤት ሲከራዩ ደላላው የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ናቸው ብሏት ነበር። እሷም ቃሉን አምና የስድስት ወር ውል ፈረመች። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ ለጥፈው ሲወጡ አየቻቸውና ባጁን አነበበች። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ባጁ ላይ የኢየሱስ ክርስቶስን ስም አይጽፍም። ደላላው ጋ ብትደውል አላነሳም።

ከአሜሪካ የመጣ ሃይማኖት ሰባኪዎች፣ ሞርሞኖች ነበሩ። አንደኛው፣ ቢራቱ፣ የቢሾፍቱ ልጅ ነው። ሁለተኛው፣ ሞአላ፣ ቶንጋ ከምትባል ከባሕር ማዶ ካለች ደሴት የመጣ፣ ሲቆም በር የሚሞላ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልደፈነ ልጅ ነው። ፈረንጅ እንዳይባል ጠይም ነው፣ ሐበሻ እንዳይባል መልኩ ሌላ ነው። የጭሮ ከተማ ምን ብላ እንደምትጠራው ግራ ገብቷት ሰነበተች። ሕፃናቱ ቻይና አሉት። የሶማሌን ጦርነት የሚያስታውሱት አዛውንቶች ኩባ አሉት፤ ኩባ ሆኖ ቀረ።

እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ማዕረግ ሽማግሌ ማለት መሆኑ ሲሰማ ደግሞ ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ከአጥሩ ማዶ ሱቅ ያላት ዙለይኻ፣ ወላጆቿ ከስልጤ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«አቦ፣ ሽማግሌ ብሎ ነገር እነዚህ ናቸው?» አለቻት ሰርካን። «የኔ ልጅ ኢስራ አትበልጣቸውም? ወይስ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው የመጡት?»

ሰርካ አልሳቀችም። እሷ የምትሰማው ግድግዳው የሚያሰማትን ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልካቸው ይጮኻል። ከዚያ ኩባ መሬት ላይ ተደፍቶ ሲነሣና ሲተኛ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ቢራቱ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አማርኛ ሲያስጠናው። አራት ሰዓት ላይ ወጥተው ሲመሽ ይመለሳሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲገባ ሌላው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሁዳዴ ሲገባም በየማለዳው እንቁላል መጥበሳቸውን አላቆሙም። ሰርካ መስኮቷን ዘግታ ሃምሳ አምስቱን ቀን በዝግ ቤት ጾመች።

ቡና አይጠጡም። ሻይም አይጠጡም። ጫትማ በዓይናቸውም አያዩ። በሐረርጌ ምድር ቡናውንም ጫቱንም እምቢ ያለ ሰው ምኑን ይዞ ከሰው ጋር ይቀመጣል? የገቡበት ቤት ሁሉ የቀረበላቸውን እየመለሱ፣ ባለቤቱን እያሳፈሩ ይወጣሉ። በብዙ ነገር የማይስማማው ከተማ በእነሱ ላይ ተስማማ። በደሳ ገበያ ቀን ሄደው ሰው ክብ ሠርቶ እያጨበጨበ እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው። ሚኤሶ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከረባታቸውን እየጎተቱ ዋጋውን ጠየቋቸው። መቻራ ላይ ምሳ የሚሸጥላቸው ጠፍቶ ጾማቸውን ተመለሱ። ይህን ሁሉ ዙለይኻ ከመንገደኛ እየለቀመች ታመጣላታለች። ሰርካ ሰምታ አላዘነችም። ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ግን በልቧ ትቆጥር ነበር።

ባሏ ተስፋዓለም የቡና ባለሙያ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከበደሳ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሰርካ ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዘመዶቹ ስሙን እያነሡ ማልቀስ ሲጀምሩ እሷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልበ ደንዳና ናት ተብላለች፤ ሰምታለች።

ግቢው ውስጥ እሱ የተከለው አንድ የቡና ተክል አለ።

ሰኞ የሁለቱ ወጣቶች የዕረፍት ቀን ነው። ልብስ ያጥባሉ፤ ሞአላ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል። ከፋሲካ በፊት በአንዱ ሰኞ ሰርካ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመብራቱ ምሰሶ እስከ ቡናው ግንድ ገመድ ተወጥሮ፣ ነጫጭ ሸሚዞች ተሰጥተውበት፣ ተክሉ ጎብጦ አየች። ቤት ገብታ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ወጣችና ገመዱን ቆረጠችው። ስድስት ሸሚዝ ቀይ አፈር ላይ ወደቀ። ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች። በመስኮት ስታይ ሞአላ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አንሥቶ፣ አራግፎ፣ እንደገና ወደ ሳፋው መለሳቸው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ከበረንዳዋ ደረጃ ሥር መጥቶ ቆመ። ደረጃውን አይወጣም፤ ብቻዋን ያለች ሴት ቤት እንዳይገቡ ሕግ አላቸው። ሰርካ ይህን የሰማች ዕለት፣ የምበላቸው መሰላቸው እንዴ፣ ብላ ነበር። ቢራቱ እንደ ደንባቸው ከዓይን ሳይርቅ፣ ቧንቧው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ጀሪካን ይሞላል፤ ውኃው ጆሮ ያደነቁራል።

ሞአላ ለገመዱ ይቅርታ ጠየቀና ተክሉን ማን እንደተከለው ጠየቃት። ባለቤቴ፣ አለች። የት እንዳለ ጠየቃት። ሞቷል፣ አለች። ልጁ ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ስሙን ጠየቃት፤ የአባቱን ስም፤ የተወለደበትን ዓመት፤ የሞተበትን ቀን። ሰርካ ለቀበሌ ቆጣሪ እንደምትመልስ፣ ቶሎ እንዲሄድላት ብላ ብቻ፣ ተራ በተራ መለሰችለት። የሷ ስሕተት ይህ ነበር።

ፋሲካ አልፎ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱ ከወትሮው ቀደም ብለው ከሚኤሶ ተመለሱ። የቢራቱ ከረባት ከአንገቱ ተበጥሶ በእጁ ተጠቅልሏል። የሞአላ ሸሚዝ ላይ የበሰበሰ ቲማቲም ደርቋል። ፊቱ ግን እንደ ሠርገኛ ያበራ ነበር። ደረጃው ሥር ቆሞ፣ ቃል እየጎደለው፣ የምሥራች ያለውን ነገራት።

የባሏ ስም ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ከዚያም ባሕር ማዶ ይሄዳል። በእነሱ ቤተ መቅደስ ውስጥ አንድ በሕይወት ያለ ሰው በተስፋዓለም ስም ተጠርቶ፣ ስለ እሱ ሆኖ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጠመቃል። ከዚያ በኋላ እሷ ብትፈቅድ ከባሏ ጋር ለዘለዓለም በጋብቻ ትታሰራለች። ለራሱ አያት ያደረገው እንደዚሁ ነው።

«ደስ አላለሽም፣ ቲቸር?» አላት።

ሰርካ የያዘችውን የተማሪዎች ፈተና በረንዳው መደገፊያ ላይ አስቀመጠች።

«በማን ፈቃድ?»

«ስሙን ሰጠሽኝ።»

«ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። አልሰጠሁህም።»

የቢራቱ ፊት አመድ መሰለ። ለጓደኛው በእንግሊዝኛ ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ሰርካ ሁሉንም ሰማች። የገዛ ሕጋቸው የሚስት ፈቃድ ይላል፤ በጽሑፍ አስፈርመሃል ወይ? ለምን አልነገርከኝም? ሞአላ የመለሰው በጣም ቀስ ብሎ ነበር። እንድትደሰት ፈልጌ ነው፣ አለው።

ሰርካ ተማሪ ስትቀጣ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ አሁንም አላለም። ስሙ ተመልሶ እንዲመጣ፣ እነሱም እስከ ቅዳሜ ግቢውን እንዲለቁ ነገረቻቸው። ሞአላ ውሉ ስድስት ወር መሆኑን ሊያስታውሳት ጀመረ።

«ውሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ነው የሚለው» አለችው። «እነሱ ሲመጡ ይቀመጡበታል።»

ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ተስፋዓለም በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ሰው ነው። አንዲት ጥምቀት ብላ በየቅዳሴው የምትመሰክር ሴት የባሏን ጥምቀት ለመንገደኛ አሳልፋ ሰጠች። ሌላው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብስባት ነበር። የማታውቀው አንድ ወንድ፣ በማታውቀው አገር፣ ተስፋዓለም ተብሎ ሲጠራ አቤት ሊል ነው። እሷ እንኳ፣ ለልጁ ከመለሰችለት በቀር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመጥራት ያልደፈረችውን ስም።

በማግስቱ ከክፍል ስትወጣ ቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ቄስ ጎበዜን በደብሩ ቅጥር ግቢ፣ ከጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነገሩን ስትናገር ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ቤትሽን ለማን እንዳከራየሽ ደብሩ ሁሉ ያውቃል» አሉ። «በሁዳዴ እንቁላሉ ሲሸት አልመጣሽም። ዛሬ ስም ሲወሰድብሽ መጣሽ?»

ደላላው ዋሸኝ ማለት ይቻላል፤ ግን ሰርካ የተማረች ሴት ናት፣ ሳታጣራ የፈረመችው ራሷ ናት። ቄሱም ይህንኑ ነገሯት። ደመወዝተኛ የሆነች፣ መጽሐፍ የምታነብ ሴት በሯን መጠበቅ ያቅታታል ወይ፣ ሙት ዓመቱ በሦስት ሳምንት ሲደርስ ምን ፊት ይዘሽ ልትቆሚ ነው፣ እያሉ ቆዩባት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተቀበለች። በመጨረሻ ቄሱ ከካባቸው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። የሙታንን ስም የሚያነቡት ከዚያ ነው።

«ማን ብለው ወሰዱት?»

«ተስፋዓለም።»

ቄስ ጎበዜ ደብተሩን ሳይገልጡ መልሰው ከካባቸው ሥር ከተቱት።

«ተስፋዓለም የሚባል ሙት እኔ ዘንድ የለም» አሉ።

እሳቸው ናቸው ፍትሐት ያደረሱለት፤ እሳቸው ናቸው የቀበሩት። ሰርካ የሚቀጥለውን ቁጣ ጠበቀች። ቄሱ ግን የተማረችው ሴት እስክትረዳ ድረስ ቀና ብለው አዩዋት። ተስፋዓለም ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የሚጠሩት ስም ነው፤ መታወቂያ ላይ ያለው፣ ደመወዝ የሚፈርምበት። በአርባ ቀኑ የወጣለት የክርስትና ስም ሌላ ነው። ያን ስም እናቱ ታውቀው ነበር፤ ሞታለች። ሰርካ ራሷ የሰማችው በተክሊላቸው ዕለት ነው። ዛሬ በምድር ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጥዱ ሥር ነበሩ።

«ስለ ንስሐሽ በሌላ ቀን እንነጋገራለን» አሉ ቄሱ፤ ይቅር አላሏትም። እሷም እንዲሉላት አልጠበቀችም። ቁልቁል ወደ ቤቷ ስትወርድ ግን እግሯ ቀልሏት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ሻንጣዎቹ ተጫኑ። ሰፈሩ ሊያይ ወጥቷል፤ ዙለይኻ የሱቋን ደጅ ለሦስተኛ ጊዜ ትጠርጋለች። ሞአላ አንድ ወረቀት ይዞ ደረጃው ሥር መጣ፤ ቢራቱ ከኋላው ቆሟል። አዲስ አበባ ያሉት አለቆቹ ክፉኛ እንደተቆጡት፣ ስሙም አሁኑኑ ሊሰረዝ እንደሚችል፣ ለዚህ ግን ባሌ ነው ብላ መፈረም እንዳለባት በተንተባተበ አማርኛ ነገራት። ዓይኑ አብጧል።

ሰርካ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። የባሏ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። የተወለደው 1969፤ የሞተው 2015። ልጁ የነገረችውን ዓመት እንዳለ ወስዶ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎታል። በወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ተስፋዓለምን በስምንት ዓመት ይበልጠዋል። በፈረንጆች 2015 ደግሞ ተስፋዓለም አልሞተም። ክረምቱ ሲገባ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ይህን የቡና ችግኝ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣው ያን ዓመት ነው።

ይህን ለልጁ አልነገረችውም።

«እዚህ ደግሞ» አለ ሞአላ፣ ባዶውን መስመር በወፍራም ጣቱ እያሳየ። «ሌላ ስም ካለው ይጻፋል። ሌላ ስም አለው?»

ሰርካ ቢራቱን አየችው። በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ፊቱን በቅጡ ያየችው ያኔ ነው። የቢሾፍቱ ልጅ ነው። እሱም አንድ ቀን በአርባ ቀኑ ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እንደነበር ከፊቱ አነበበች፤ ጥያቄው ምን እንደሚነካ አውቋል። ቢራቱ መሬት መሬት አየ።

እሷ ወረቀቱን ሳትፈርም መለሰች።

«ይህን ሰው አላውቀውም» አለች።

«ባልሽ ነው እኮ፣ ቲቸር።»

«አይደለም። የጻፋችሁትን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ባጃጁን አታስቁሙ።»

ሞአላ ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው እንደሚያደርገው ወደ ጓደኛው ዞረ፣ እንዲተረጉምለት። ቢራቱ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ፤ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና እንሂድ አለው። ሞአላ ያንን ትልቅ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ሰርካ እጆቿን ከነጠላዋ አላወጣችም። የተዘረጋው እጅ ጥቂት ቆይቶ ወረደ።

ባጃጁ አቧራ አስነሥቶ ሲሄድ ሕፃናቱ ኩባ፣ ኩባ እያሉ እስከ አስፋልቱ ተከተሉት። ዙለይኻ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ሽማግሌዎቹ ሙሽራ ሳያገኙ ተመለሱ፣ አለችና ምን ብለው እንደሄዱ ጠየቀቻት። ሰርካ፣ ቤት ተሳስተው ነው፣ አለቻትና የብረቱን በር ዘጋች። ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የገመድ ቁራጭም ፈትታ ጣለችው።

በሙት ዓመቱ ዕለት ሰርካ ከሴቶቹ ጋር በስተቀኝ ቆመች። ቄስ ጎበዜ ጠርዙ የተበላውን ደብተር ገልጠው የሙታኑን ስም በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ጀመሩ። ከብዙዎቹ ስሞች መካከል አንዱ ላይ ሲደርሱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች የማን ባል እንደተጠራ አላወቁም።