ማራገቢያው የሚነሳበት ሰዓት

…አርባ አንድ ነጥብ ሦስት፣ አርባ አንድ ነጥብ አምስት፣ አርባ አንድ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ብረት ማቅለጫ አጥር ሥር ይገኛል ቢሉኝ አላምንም ነበር፣ መለኪያው ግን በሦስት እግሩ ቆሞ ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ አቤቱታ ባቀረቡት እማማ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እሱን እጠብቃለሁ። ሦስተኛ ሌሊቴ። ሥራዬ ይሄ ነው፣ መንደር ለመንደር እየዞሩ ሌሊት የሚጮኸውን መለካት፣ ሳል ሲመጣ መዋጥ፣ ስልክ ማጥፋት፣ በአፍ አለማውራት፣ ስለዚህ በሆዴ አወራለሁ፣ ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ፣ ተወው።

ለሌሊት የተፈቀደው የድምፅ ጣሪያ አርባ አምስት ዴሲቤል ነው፣ ሦስት ሌሊት ከዚያ በታች ከተመዘገበ፣ የቀረበው አቤቱታ በልኬት ያልተረጋገጠ በመሆኑ፣ ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። የእማማ ፋይል። አሥራ አንድ ደብዳቤ፣ ሁሉም በገዛ እጃቸው፣ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ይሆን አንድ ፊደል ከመስመር አይወጣም። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩ ሰው ነኝ ልጄ፣ ድምፅ አልፈራም፣ ይሄኛው ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነው፣ ጭስ የሚስበው ትልቁ ማራገቢያ ነው፣ ሲነሳ ብርጭቆዎቼ ይንጫጫሉ፣ አሉኝ በመጀመሪያው ማታ። የታለ ታዲያ እማማ? አልኳቸው ትናንት። አንተ ስትመጣ ይተኛል፣ ስትሄድ ይነሳል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የነሱ ነገር፣ ጅቡ አንተ ነህ፣ እንዳትቀየመኝ።

አልተቀየምኩም። አላመንኳቸውምም።

ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ሸጠው ወጥተዋል፣ በዚህ መደዳ መብራት ያለው ቤት የእሳቸው ብቻ ነው፣ ባላቸው ከሞቱ አምስት ዓመት፣ አለቃዬ ደብዳቤዎቹን ገለባብጦ፣ ብቸኝነት ነው የሚጮህባቸው፣ ለክተህ ዝጋው፣ አለኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፣ ምክንያቱም የሰው ድምፅ ፈልገው ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ሰው እንዲቀመጥላቸው ብቻ፣ ትናንት ጀርባዬ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገውብኝ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ተመለሱ፣ መለኪያው እንዳይሰማቸው።

አርባ አንድ ነጥብ አራት።

የኔ ቤት ሌሊት ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ሃያ ስድስት። ማንም ሳይጠይቀኝ ለክቼዋለሁ፣ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ እናቷ ጋ ከሄደች በኋላ፣ ስምንት ወር ሆነ፣ መለኪያውን ሳሎኑ መሃል አቁሜ ማቀዝቀዣውን ነቅዬ ለካሁ፣ ሃያ ስድስት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን መልሼ ሰካሁት። ሁሉን ትሰማለህ እኔን ብቻ አትሰማም ትል ነበር፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል እላለሁ፣ እውነትም ይደክመኝ ነበር፣ ልጄ ስልክ ላይ፣ አባዬ ዛሬም ልትሰማ ነው የምትሄደው? አዎ የኔ እናት። ምንድን ነው የምትሰማው? ዛሬ ምንም።

ዘጠኝ ሰዓት። በቃ። አጥፋ፣ እግሮቹን እጠፍ፣ ሣጥኑን ቆልፍ፣ በእማማ መስኮት መብራት አለ፣ ልሰናበታቸው ወይስ ልተዋቸው፣ ምን ብዬ፣ እማማ ማሽኑ አላገኘዎትም ልበል? ሳልሰናበት ወጣሁ፣ እንደ ሌባ።

መውጫው መንገድ በፋብሪካው በር በኩል ነው። ዘበኛው መኪናዬን ሲያይ ብድግ ይላል፣ ደብተር አለው፣ የገባሁበትን የወጣሁበትን ይጽፋል። ጨረሱ ኢንጂነር? ጨረስኩ። ይመለሳሉ? የመጨረሻዬ ነው። በሰላም ይግቡ። ይጽፋል፣ በመስታወቱ አየዋለሁ፣ ጽፎ ስልክ ያነሳል፣ ሚስቱ ጋ ይሆናል፣ በዚህ ሰዓት? ይሆናላ፣ የሚደውልለት ሰው ያለው ሰው በማንኛውም ሰዓት ይደውላል።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ምክንያት የለኝም። ቤት የሚጠብቀኝ የለም፣ ቸኩዬ ሃያ ስድስት ውስጥ ምን ልሠራ፣ መስኮቱን አወረድኩ፣ ውሃው በቀስታ ይሄዳል፣ አንድ እንቁራሪት፣ እና ደረቴ።

መጀመሪያ ደረቴ ነው የሰማው። ዝቅ ያለ ነገር፣ ከመሬት በመቀመጫው በኩል የሚመጣ፣ የልብ ድካም መሰለኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ ከዚያ ጆሮዬ ደረሰበት። ማራገቢያው። አሥር ደቂቃ አልሞላኝም እኮ ከወጣሁ። ለካስ፣ ለካስ፣ ለድርጅቱ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ እናሳውቃለን፣ መመሪያው ነው፣ ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ፣ በእነዚህ ሌሊቶች ከእንዲህ እስከ እንዲህ ሰዓት እንለካለን፣ እነሱም አነበቡ፣ ማንበብ ይችላሉ ሰዎቹ። ያልተነገረበት ልኬት ደግሞ ተቀባይነት የለውም ይላል አለቃዬ፣ ፖሊስ ነህ እንዴ ይለኛል፣ ይበል።

መኪናውን ድልድዩ ጋ ተውኩት። በበሩ ሳይሆን በኋላ ባለው የእግር መንገድ፣ ሣጥኑን ታቅፌ፣ በእርጥብ ሣር፣ በተጠጋሁ ቁጥር ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል፣ ባዶዎቹን ቤቶች አለፍኩ፣ የአንዱ ቆርቆሮ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ የእማማን በር አንኳኳሁ፣ አይሰሙም፣ እንዴት ይስሙ፣ መስኮቱን በጣቴ ነካሁት። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ጆሯቸውን በሻርፕ ጠምጥመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። አሥራ አንዱን ደብዳቤ እንዲህ ተቀምጠው ነው የጻፉት።

መስኮቱን ከፈቱ፣ አልደነገጡም። መጣህ? መጣሁ እማማ።

ከመስኮቱ አንድ ሜትር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል፣ ሃምሳ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሁለት፣ ሃምሳ ስምንት። ስንት ይላል? ሃምሳ ስምንት። ብዙ ነው? ብዙ ነው እማማ፣ በጣም ብዙ ነው። ሻርፑን ከጆሯቸው ፈቱ፣ አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት። አላበድኩም ማለት ነዋ።

አላበዱም፣ አልኩ፣ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ ትናንትም ከትናንት በስቲያም አላመንኩዎትም ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ፣ ማይክሮፎኑ ክፍት ነው፣ አይ፣ ሰበብ ነው፣ ድምፄም ልኬቱ ውስጥ ይግባ። እማማ፣ አላመንኩዎትም ነበር። እሳቸውም፣ አውቃለሁ፣ ብርድ ላይ መቀመጥህ ግን አንጀቴን በላው፣ ለዚያ ነው ብርድ ልብሱን ያመጣሁት፣ አሉ።

አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ መለካት አለብኝ፣ ዘበኛው ስልክ ያነሳበትን ደቂቃ ጽፌአለሁ፣ ድልድዩን ጽፌአለሁ፣ ተቀባይነት የለውም ካሉ የለውም ብለው ይፈርሙበት፣ የኔ ፊርማ ያለው እዚህ ነው። ስልኬን አብርቼ ለባለቤቴ ጻፍኩ፣ ነገ መጥቼ ላናግርሽ፣ ማለቴ ልስማሽ፣ አሁን ተኝታለች፣ ጠዋት ታየዋለች፣ ላትመልስም ትችላለች።

አሥር ሰዓት ከሩብ። ሃምሳ ስምንት ነጥብ አንድ። ከመስኮቱ ሌላ ድምፅ ይመጣል፣ ጎርናና፣ የሚቆራረጥ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፣ እማማ ግድግዳውን እንደተደገፉ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ፣ ማራገቢያው እየጮኸ፣ ብርጭቆዎቹ እየተንጫጩ። በደንቡ ልቀሰቅሳቸው ይገባል፣ ባዕድ ድምፅ ልኬቱን ያበላሻል። ቅጹን አወጣሁ፣ ማስታወሻ በሚለው ሥር፣ የቤቱ ባለቤት ተኝተዋል፣ ብዬ ጻፍኩ፣ እና ብርድ ልብሱን ከበሩ ላይ አንስቼ በመስኮቱ በኩል ትከሻቸው ላይ…