የቅዳሜ ገበያ ሸክላ

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ዓመት ገበያው መሐል ግንድ አስተከለ። አገሩ ደግሞ ማን ሊሰቀል ነው ብሎ ሲሰጋ ሰነበተ። የተሰቀለው ግን የጡሩምባ አፍ የመሰለ ድምፅ ማጉያ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግንዱ ሥር አንድ ወታደር የሸክላ ሙዚቃ ያጫውታል፤ ሰው ሲሰበሰብ ሙዚቃው ይቆምና አስተርጓሚው አካለ ወልድ አዋጅ ያነባል።

ጌሾ ሻጯ የብርጓል ሙዚቃውን ወደደችው።

ዘፈን እንዳይባል የሚዘፍን ሰው የለበትም። ስንት ዓይነት ክራር፣ ስንት ዋሽንትና ከበሮ ባንድ ላይ እንደሚነሣበት ማንም ለይቶ አያውቅም። የብርጓል ግን ሸክሎቹን ስም እያወጣች ለይታለች፤ ገበያውም ስሞቹን ለመዳቸው። አንዱ «ዝናቡ» ነው፤ ከሩቅ ሲያጉረመርም ቆይቶ ይወርዳል። መጀመሪያ የሰማችው ዕለት ጌሾዋን በአቡጀዲ ሸፍናለች። አንዱ «አዟሪው» ነው፤ ሲሰሙት ወገብ ያለ ፈቃድ ይሄዳል። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው «ፈረሶቹን» ነው። አዝግሞ አዝግሞ፣ መጨረሻው ላይ አገር ምድሩን ግልቢያ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ጌሾ ስፈሪልኝ የሚል ገዢ ቆሞ ይጠብቃል።

«ደግሞ የጣልያን ነገር ደስ ይልሻል?» አለቻት በጎኗ ጨውና መርፌ የምትሸጠው ነፊሳ።

«ሙዚቃው ምን አደረገኝ? በሬዎቼን የነዳው እሱ ነው?»

«ያመጡት እነሱ ናቸው ብዬ ነዋ።»

«መንገዱንም ያወጡት እነሱ ናቸው። እንዳላማው አድብቶበት ሲውል የእነሱ ነው ብሎ አልተወውም።»

እንዳላማው አንድ ልጇ ነው፤ ጣልያን ከገባ ጀምሮ በቁይ በኩል ጫካ ነው።

አዋጁ ሲጀመር ግን የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጌሾዋን ለነፊሳ አደራ ብላ ከገበያው ትወጣለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻዋን ወጣች። በሚቀጥለው እህል ተራ ተከተላት። ከዚያ ከብት ተራ። ወሩ ሳያልቅ አካለ ወልድ ገና ወረቀቱን ሲዘረጋ ገበያው እንዳለ ይነሣል፤ አዋጁን ቆመው የሚያዳምጡት የታሰሩት አህዮች ሆኑ።

ከተማውን የሚያዘው የጣልያን ካፒቴን ዘዴ የማያጣ ሰው ነበር። አዋጁ ይቅደም አለ፤ ሰዉ ዘግይቶ መጣ። አዋጁ መሐል ይግባ አለ፤ ሰዉ መሐል ላይ ወጥቶ ለሁለተኛው ሸክላ ተመለሰ። ዘበኞቹ በጅራፍ ሊመልሱ ሞክረው ሰለቻቸው። ገበያተኛ ወደ ቤቱ አይሂድ የሚል አዋጅ አልወጣም፤ ቢወጣም የሚሰማው አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ አካለ ወልድ ራሱ ወደ ጌሾው መጣ። ቅኔ ቤት ተቀምጦ የነበረ የደብተራ ልጅ ነው፤ አሁን የጣልያን ኮት ይለብሳል።

«እማማ የብርጓል፣ ካፒቴኑ ቅዳሜ በማጉያው እንዲናገሩ ይፈልጋል።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እንዳላማው ይግባ ይበሉ። ቃልዎን ገበያተኛው ጫካ ያደርስለታል። ምሕረት ተደርጎለታል።»

«እንደ ባዘዘው?»

ባዘዘው ምሕረት ነው ተብሎ ከጫካ የገባ ጎረቤቷ ነበር፤ በገባ በሳምንቱ ሰቀሉት።

«እምቢ ካሉ ቤትዎን ያቃጥላሉ፤ እርስዎንም ያስራሉ። እሺ ካሉ ደግሞ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አፍሮ ይሁን ፈርቶ አይለይም። «ሸክሎቹን ከነማጫወቻው ይሸልምዎታል። እንደሚወዱት አይቷል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ከቤቱ ሰገነት ላይ፣ በመነጽር።»

«ፈረሶቹም አሉበት?»

«አሉበት።»

«ትናገራለች በለው።»

ነፊሳ ይህን ሰምታ እስከ ማታ አላናገረቻትም። የብርጓልም አላስረዳቻትም። ዓርብ ዕለት ግን ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ ነፊሳ ደጅ መጣች።

«ምንድን ናቸው?»

«አንቺ ዘንድ ይሰንብቱ። ቤቱ ሊሞቅባቸው ነው።»

ነፊሳ ቅርጫቱን ተቀብላ በሩን ዘጋች። ጥቂት ቆይታ ከፈተችና አንድ ስልቻ በሶ ሰጠቻት።

ቅዳሜ ዝናቡን አጫወቱ፤ አዟሪውን አስከተሉ። ከዚያ የብርጓልን ጠሩ። በሶዋን በነጠላዋ ሥር እንዳዘለች ማጉያው ፊት ቆመች።

«ልጄ እንዳላማው» አለች። የገዛ ድምፅዋ ከግንዱ ጫፍ ሲመለስባት ሰምታ ትንሽ ተደነቀች። «እዚህ ደህና ነን። ሙዚቃው መልካም ነው። ይኼን ያህል ሰው ተስማምቶ ሲጫወት ሰምቼ አላውቅም። ንግግሩን ግን አንድም ቀን ቆሜ አልሰማሁትም። አንተም እንዳትሰማው። እዚያው ሁን።»

ካፒቴኑ አማርኛ አያውቅም፤ አጨበጨበ። ምሕረቱን በራሱ አፍ ሊያጸና ተነሥቶ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «ምን አለች?»

አካለ ወልድ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። «ሙዚቃው መልካም ነው ትላለች» አለ።

ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ንግግሩን ጀመረ።

ገበያውም እንደ ልማዱ ተነሣ። እህል ተራው፣ ከብት ተራው፣ ጨው ተራው፣ ነጭ ነጠላ በነጭ ነጠላ ላይ እየተደራረበ ወደ መውጫው ፈሰሰ። ዘበኞቹ የቅዳሜ ነገር ነው ብለው መንገድ ለቀቁ። ቀሪውን ቃሏን ሌላ ባንዳ ለካፒቴኑ ሲነግረው የብርጓል ከመጨረሻው ቤት አልፋ አቀበቱን ጀምራ ነበር። ነፊሳ ልትሸኛት አብራት ወጥታለች።

ከበስተኋላቸው ሙዚቃው ተነሣ። ወታደሩ ከንግግሩ በኋላ ፈረሶቹን አጫውት ተብሎ ታዟል፤ ተው ያለው የለም። ባዶ ገበያ ላይ ለቀቀው።

የብርጓል አቀበቱ ላይ ቆመች።

«ምን ያቆምሻል? ይደርሱብሻል እኮ» አለች ነፊሳ።

«ይድረሱ።»

«የብርዬ፣ ያንቺ ሰፈር እየጨሰ ነው።»

የብርጓል ወደ ጭሱ አልዞረችም። «ላላለቀ ሙዚቃ በእነሱ ምክንያት አልነሣም» አለች።

ስልቻውን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ፈረሶቹ መጡ፤ ሽቅብ ጋለቡ፤ ሁሉም ባንድነት ጮኾ ዝም አለ። ያን ጊዜ ተነሥታ በሶዋን አዘለች፤ ነፊሳን ጉንጭና ጉንጯን ስማ በቁይ መንገድ ሄደች።