ሰፊውና ተኳሹ

ሰፊው ልብስ ስለሚሰፋ ነው ሰፈሩ ሁሉ «ሰፊው» የሚለው እንጂ ሰውነቱስ እንደ ክር የቀጠነ ነበር። አብሮት የሚሠራው፣ የተሰፋውን በካውያ የሚተኩሰው ጓደኛው ደግሞ «ተኳሹ» ይባላል። አዲስ ደንበኛ መጥቶ «ሰፊው የታለ?» ካለ ተኳሹ ወደ ቀጭኑ ሰውዬ እያመለከተ፣ «ያውልህ፣ ከታየህ» ይላል። ሰፊውም ቀና ሳይል፣ «ከተኳሽ ጋር ውሎ በሰላም ቤቱ የሚገባ እኔን ብቻ አየሁ» ብሎ ይመልሳል።

የሰፊው ሚስት ይህን ቀልድ ስንት ዓመት ስትሰማ አንድም ቀን ስቃ አታውቅም። ቁም ነገረኛ ሴት ናት። «ደግሞ ጀመራችሁ!» ትልና ቁልፍ መትከሏን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ሰፊው ኮት እየቆረጠ ሳለ መቀሱ ከእጁ አመለጠው። አነሳለሁ ብሎ ጎንበስ ሲል በዚያው ወደቀ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ቀኝ እጁ አልታዘዝ፣ ምላሱም አልፈታ አለው። ሐኪሙ መርምሮ፣ «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። ግን ይሰማል፤ አጫውቱት» አለ።

ሚስቱም የምታውቀውን አወራችው፤ ስለ ጸሎት፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ቤት ስላሉት ልጆች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባወራች ቁጥር የባሰ ይርቃታል። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አልቅሳ፣ እንባዋን ጠርጋ ትመለሳለች።

በዚህ መሐል አንድ ጠዋት ነርሷ መጥታ፣ «እናቴ፣ ጥበቃው በር ላይ አንድ ሰውዬ ይዞ እርስዎን ይፈልጋል» አለቻት።

ስትወርድ ተኳሹ የተተኮሰ ፒጃማ አቅፎ ቆሟል።

«ይህን ሰውዬ ያውቁታል?» አለ ጥበቃው ፊቱን ቋጥሮ። «ማን ነህ ብለው ‹ተኳሽ ነኝ› ይለኛል!»

«እውነቱን ነው፣ ተኳሽ ነው» አለች በድንጋጤ። «ሌላ ሥራም የለው። ዕድሜውን ሙሉ ለባሌ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው።»

«ለባልዎ?»

«አዎ፣ ባሌ ሰፊ ነው።»

ጥበቃው ተኳሹን አየ፤ ፒጃማውን አየ። ከዚያ ፊቱን ሳይፈታ፣ «ሰፊ ከሆኑማ አይስታቸውም። ይግባ» አለ።

መጀመሪያ አልገባትም። ደረጃው አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ነው ድንገት የገባት። መደገፊያውን ይዛ ትን እስኪላት ሳቀች። ተኳሹ ያመማት መስሎት፣ «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ውሃ ላምጣ?» ይላል።

ክፍሉ ስትደርስ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ፣ «ስማኝማ፣ ጥበቃው ምን አለ መሰለህ?» ብላ ጀመረች። ቀልድ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው። ስለ ተኳሹ ነገረችውና መጨረሻው ላይ፣ «‹ልብስ ሰፊ ከሆኑማ አይስታቸውም!› አይል መሰለህ!» አለች።

ተኳሹ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ልብስ» የምትለዋ ቃል ቀልዱን ገደለችው።

ሰፊው ግን ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ታገለ።

«ሰ… ሰፊ» አለ። «ሰፊ… ብቻ።»

ሚስቱ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። በተጣመመ አፉ መጀመሪያ ያወጣት ቃል እሷን የምታርም ነበረች። ያኔ ነው የቀልዱም ምሥጢር የገባት፤ ስሙ ሁለት ሰው ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቀጭኑን ልብስ ሰፊና ሰፊውን ሰውዬ። አንዱን ብቻ ካስገባሽ ሳቁ ደጅ ይቀራል።

«ሰፊ ከሆኑማ… አይስታቸውም» አለች እንደገና፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

ሰፊው በአንድ ጎን አፉ ሳቀ። አጠገቡ የተኙት በሽተኞችም ሳቁ። ሚስቱ እጁን ይዛ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች፤ ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቅሎ።

ከዚያ ወዲያ ቃላቱ አንድ በአንድ ተመለሱ። እጁ ግን ገና ነው። ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጥበቃውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ባሌን በአፍህ ነው ያነሳህልኝ።»

«እኔ? ምን ብዬ?» አለ። ትዝም አይለው። «በቀን ስንቱን እለፈልፋለሁ እናቴ!»

ግራ ቢገባውም ደስ አለው መሰል፣ ታክሲው እስኪመጣ ብሎ ወንበሩን ለሰፊው አቀረበለት። ሰፊው ተቀምጦ የጥበቃውን ዩኒፎርም ከላይ እስከ ታች ሲያየው ቆየና፣ ቃላቱን እየፈለገ፣ «እጅጌው… ረዝሞብሃል» አለው። «ሱቅ… ና። እናሳጥርልሃለን።»