የመስኮቱ ቲማቲም

አንሶላውን ባልዲው ውስጥ ነክራ፣ አጥብቃ ሳትጨምቀው፣ አባቷ የተኙበት ክፍል መስኮት ላይ ሰቀለችው። ጠብታው ወለሉ ላይ አረፍ ከማለቱ ይደርቃል። ሙቀቱ ከገባ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ አልፎ ሲገባ ይቀዘቅዛል ተብሎ። ነፋስ ግን ወፍ የለም።

«ጠጡት?» አለች ወደ አልጋው ዞራ።

አባቷ ባዶውን ብርጭቆ ከፍ አድርገው አሳዩዋት። «ጥርግ!»

«ጎሽ የኔ አባት!»

ደስ አላት። በዚህ ሰሞን ደስ የሚላት ነገር ቢኖር ይህ ባዶ ብርጭቆ ብቻ ነበር። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲዘረጉ፣ የተደፈነ ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራ ሲያቆሙ ጓሮውን ቲማቲምና ቃሪያ አለበሱት። ቃሪያውን ሊኮተኩቱ ጎንበስ እንዳሉ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረዱም። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋን ዘግታ የስፌት መኪናዋን ሳሎን አስገብታ፣ በአንድ ጆሮዋ መርፌውን በሌላው የእሳቸውን ሳል እየሰማች ትሰፋለች።

ወደ ጓሮ መውጣት ቢያቅታቸው ጓሮውን እሷ አመጣችላቸው። ከቲማቲሞቹ መሃል ደህናውን መርጣ፣ ከነአፈሩ ነቅላ፣ ባዶ የቀለም ጣሳ ውስጥ ተከለችውና መስኮቱ ሥር፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠችው። ያን ቀን አባቷ እንደ ልጅ ሳቁ። ቅጠሉን አሽተው ጣታቸውን አሸተቱ።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ቧንቧው ጎህ ሲቀድ ብቻ ይንጠባጠብ ጀመር። በርሜል ውስጥ የምታጠራቅመው ውሃ ለሰው እንጂ ለአትክልት አይበቃም፤ የጓሮው ተክል ዓይኗ እያየ ገለባ ሆነ። የጣሳውን ግን አልጨከነችበትም። እሱም ቢሆን ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ፣ አናቱ እየተዝለፈለፈ ነበርና፣ ጠምቶት ነው ብላ ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች። እሱ ግን ባጠጣችው ቁጥር ይብስበታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። የአባትየውን የእጅ ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ውሃ ይጠጣሉ?»

«ሙች ሲስተር፣ ብርጭቆውን ጥርግ ነው የሚያደርጉት!»

«የጠጣ ሰው ቆዳ እንዲህ አይቆምም። ሽንታቸውስ?»

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። ከትናንት ወዲህ ለሽንት አላነሳቻቸውም። እሷ እንኳ ተሻላቸው ብላ ነበር።

ነርሷ ይዛት ወደ ሳሎን ወጣች። «ስሚኝ፣ ሆስፒታል ውሰጃቸው ማለት ነበረብኝ፤ ግን አሁን ከዚያ ነው የመጣሁት። ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል፣ ሙቀቱ የጣላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። እዚህ ቢጠጡልሽ ይሻላል። እስኪመሽ ሽንታቸው ካልመጣ ግን ተሸክመንም ቢሆን እንወስዳቸዋለን።»

ነርሷ ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ ወደ አባቷ ክፍል ተመልሳ ገባች። ከአባቷ ጋር ከመነጋገሯ በፊት እጇ ሥራ ፈለገና፣ ፀሐዩ ደርሶበት ስለነበር ጣሳውን ልታሸሸው አነሳችው። አልነሳ አላት። እንደ ድንጋይ ከብዷል። ስታዘነብለው ውስጡ ቦጭ አለ፤ የበሰበሰ ነገር ሽታም አፍንጫዋን መታው። ግንዱን ይዛ ሳብ ብታደርገው ያለ ትግል ወጣላት። ሥሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ተቀቀለ ክር ይበጠሳል።

ይህን ሁሉ ውሃ እሷ አላጠጣችውም።

አባቷን አየቻቸው። አባቷ ግድግዳውን ያያሉ።

«አባባ፣ ብርጭቆውን ማን ነው ሲጠጣ የከረመው?»

«እኔም ቀምሼዋለሁ።»

«አባባ!»

«ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ፣ አሁንም ለግድግዳው። «በጠጣሁ ቁጥር ታነሺኛለሽ። ባለፈው አስቀምጠሽኝ ስትወጪ ወገብሽን ይዘሽ በሩን ስትደገፊ አላየሁም? አየሁ። ሴት ልጄ ሱሪዬን...» ቀሪውን ዋጡት።

አይደክመኝም ብትል ውሸት ነው፤ ያውቃሉ። ምንም አይደል ብትልም ለእሳቸው ምንም አይደል አይደለም። የተበጠሰውን ሥር ጣሳው ውስጥ መለሰችው።

አባቷ ወደ ጣሳው ዘወር አሉ። «ለመሆኑ ይሄን ነገር ከሥሩ በስተሽዋል?»

«ምኑን?»

«ጣሳውን ነዋ!»

አልበሳችውም። ፊቷን ሲያዩ ገባቸው። «ወይ ጉድ! የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ሆነሽ ማስገቢያውን አውቀሽ መውረጃውን ትረሺ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል!» ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ብርጭቆውን አፋቸው ላይ ያዘች። ከንፈራቸውን አርጥበው መለሱት።

ማምሻው ላይ ወንድሟ ደረሰ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤተሰቡ ሁሉ አንደኛ ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ ቤት ውስጥ ፈጥኖ ደራሽ ይሉታል። በረዶ እንዲያመጣ ከጠዋት ነግራው ነበር። የያዘውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ተንጠባጠበ።

«በረዶው የታለ?»

«ይኸው... ስገዛው በረዶ ነበር።»

አባትየው ካልጋቸው ሆነው ሰሙ። «ችግር የለም፣ ውሃም እኮ ከበረዶ ነው የሚወለደው!» አሉ። እሷ መሳቅ አቃታት። ወንድሟን ወደ ጓዳ ጎትታ ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

ወንድሟ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አባባ፣ እሷ ናት የምታሳፍርዎት? እኔ አነሳዎታለሁ። ወንድ ለወንድ። አሁን ይጠጡ።»

«አንተ?» አሉ አባትየው፣ ዓይናቸው ውስጥ ትንሽ ብርሃን ገብቶ። «ፈጥኖ ደራሽ? ሽንቴ አንተ እስክትመጣ ይጠብቅሃል?»

ወንድሟ አቀረቀረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭኖ መውጣት አለበት፤ የሚመለሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ይህን አባትየውም ያውቃሉ።

እህቱ ማንኪያ አመጣች። በማንኪያ እየቀዳች ስትሰጣቸው ተቀበሏት፤ አንዴ፣ ደግመው፣ ሠለሱ። ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ እያየች የራሷን ምራቅ አብራ ትውጣለች። ከዚያ አፋቸው ተዘጋ።

«አንድ ብቻ፣ ለኔ ሲሉ።»

«በቃኝ።»

«አባባ፣ ሲስተር ካልጠጡ ሆስፒታል ነው ብላለች።»

«በቃኝ አልኩሽ እኮ።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንድሟ መኪናውን የሚያሽከረክርበትን ትልቅ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየዋል። በውጭ ብርሃኑ እየደበዘዘ ነው፤ አንሶላው መስኮቱ ላይ ደርቆ ግግር ብሏል።

«ጣሳውን ብሺው» አሉ አባትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ውሃ የሚገባበት ነገር ያለ መውረጃ አይቀመጥም።»

ጭቃውን ጓሮ ደፍታ፣ ጣሳውን ገልብጣ፣ ከአባቷ የመሣሪያ ሣጥን ምስማርና መዶሻ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። መታችው። ቆርቆሮው ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም። ደግማ መታችው።

«መሃሉን ብቻ አይደለም» አሏት ከውስጥ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ከዳር ከዳሩም።»

ከዳር ከዳሩም በሳችው። ጣሳውን አቀናችና ከወንድሟ ፌስታል ውስጥ ከተረፈው ትንሽ አፈሰሰችበት። ውሃው ከሥሩ በቀጫጭን ክር ወጥቶ ደረቁ መሬት ውስጥ ሰመጠ።

«ይወርዳል?»

«ይወርዳል፣ አባባ።»

ብርጭቆው ግማሹ እንዳለ ራስጌያቸው ነበር። የጣሳውን ውስጥ በጨርቅ ጠርጋ ግድግዳው ሥር ደፋችው፤ መዶሻውንና ምስማሩንም ሣጥኑ ውስጥ በየቦታቸው አድርጋ ክዳኑን ገጠመችው። ሽንታቸው እንዳልመጣ ነውና፣ ወንድሟ ሳይወጣ ተሸክመው እንዲወስዷቸው ነርሷን ልትጠራ ሄደች።