የፊናው ትንፋሽ

«ልቅዳልሽ?» አለች ሴቫ፣ ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ይዛ።

ጎረቤቲቱ ሲኒዋን በመዳፏ ከደነች። «ይቅርብኝ፣ ጠጥቻለሁ።»

ሴቫ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እዚያም ሲኒ ተከደነ። ሲያሌ በሩ ላይ ቆማ የአክስቷን ልጅ የሴቫን ፊት በዓይኗ ትበረብራለች፤ የሆነ ነገር፣ ጥፋት የሚመስል ነገር ትፈልግበታለች።

እህቷ ፊናው ከሞተች ሦስተኛ ቀን ነው። ሎገን ከተማ ያለው ቤታቸው ስላልበቃ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ከሲድኒም ከኦክላንድም የመጡ የቶንጋ ዘመዶች ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ መዝሙር አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ሹክሹክታው ይነሣል።

«መርፌው ነው አሉ።»

«የምን መርፌ?»

«የማቅጠኛው ነዋ! በስልክ የሚታዘዘው። ያቺ ናት ያስጀመረቻት። እሷ ራሷ እንዴት እንደከሳች አታይም?»

ወሬውን ያስጀመረችው ሲያሌ ነበረች። ፊናው የሞተች ዕለት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለአንዲት ዘመዳቸው ብቻ፣ «ሴቫ መርፌ ልታስጀምራት ነበር» አለቻት። የተናገረችው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ሎገን ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ሲያሌ የኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኛ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ዋሽቶ እንደሆነ ማጣራት ነው። መኪናዬ ተሰረቀ የሚለውን ራስህ ደብቀኸው ይሆናል ትላለች፤ ወገቤ ተሰበረ የሚለውን ሲጨፍር የተነሣውን ፎቶ ፈልጋ ታወጣበታለች። ቤተሰቡ ውስጥ ውል የሚፈርም ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለእሷ ያሳያል። ፊናውም ያሳየቻት ለዚህ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ፊናው የመዘምራኑ መሪ ነበረች። አንዱን አዝማች ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የምታወጣ ሴት፣ ያን ሰሞን መሀል ላይ መቁረጥ ጀምራ ነበር። ወደ መዘምራኑ ቦታ የሚያወጡት አራት ደረጃዎች ብቻ ቢሆኑም ላይ ስትደርስ ምሰሶ ይዛ ትቆማለች።

«ውፍረቱ ነው» አለች፣ ስልኳን ገበታው ላይ እያስቀመጠች። «አንቺ ጠርጣራ፣ እስቲ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?»

ማቅጠኛውን ከሚሸጡት አንዱ ድረ ገጽ ብርቱካንማ ነው፤ ሌላው አረንጓዴ። ብርቱካኑ ዐሥር ጥያቄ ይጠይቅና መድኃኒቱን በሦስት ቀን በር ድረስ ያመጣል። ሴቫ በሱ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ቀንሳለች፤ ሰው ካመጣች ደግሞ ዋጋ ይቀንሱላታል። አረንጓዴው ግን ጥያቄው አያልቅም። ደም ተመርመሪ፣ ግፊትሽን ተለኪ፣ ከሐኪም ጋር በቪዲዮ ተገናኚ ይላል።

«ሁለቱም ሌባ ናቸው» አለች ሲያሌ።

«ከሌባም እኮ የሚሻል ይኖራል።»

«ብርቱካኑ ሴቫን ደላላ አድርጓታል። አረንጓዴው ደግሞ ይኼን ሁሉ የሚጠይቀው መረጃሽን ሰብስቦ ሊሸጠው ነው።»

«እኔን ማን ይገዛኛል? በኪሎ ካልሆነ!» ብላ ፊናው ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁለቱንም ቅጽ ሞላች።

አሁን ሲያሌ ድንኳኑን ዞራ ወደ ኋላ ሄደች። ሴቫ ብቻዋን የድስት ክምር ትፈትጋለች።

«ምን ሰጠሻት?»

ሴቫ ቀና አላለችም። «ለሰው ሁሉ ነግረሽ ስታበቂ ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«መልሺልኝ።»

«ምንም። መድኃኒቱ መጣላት፤ ሳትከፍተው አምጥታ እኔ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። ሐኪሟ ካልፈቀደችልኝ አልነካውም አለች።»

«የቷ ሐኪም?»

«የአረንጓዴው ናታ።»

«አሳዪኝ።»

የሴቫ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። ሳይነጋገሩ ሄዱ። ሣጥኑ ከወተቱ ኋላ ነበር፤ የፊናው ስም ተጽፎበታል። ሲያሌ ማሸጊያውን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። አራቱንም ማዕዘን አየች። ወደ ብርሃን አዙራ ተነቅሎ እንደገና ተለጥፎ እንደሆነ መረመረች። አልተነካም።

«ላቦራቶሪ ላኪው እንግዲህ» አለች ሴቫ። «ስልኳስ አንቺ ጋ አይደል? ለምን አታይውም? መርማሪ አይደለሽም እንዴ!»

ስልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሲያሌ የሴቫ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእናታቸውን የልደት ቀን ስታስገባ ተከፈተ። የሐኪሟ ጥሪ ሦስት ጊዜ፤ አንዱም አልተነሣም። ከሥሩ መልእክት አለ።

«ወይዘሮ ፊናው፣ የእግርዎ እብጠትና ሲተኙ የሚያፍንዎት ነገር ከውፍረት ላይሆን ይችላል። ማቅጠኛውን አሁን ላዝዝልዎት አልችልም። ልብዎ እንዲታይ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ደብዳቤውን ልኬያለሁ። እባክዎ ስልክ ያንሡ።»

ፊናው ይህን ለሲያሌ አስተላልፋዋለች፤ «ምን ትያለሽ?» ብላ።

የሲያሌ መልስ እዚያው ነበር። «ማስደንገጥ የቆየ ዘዴያቸው ነው። ከዚያ የምርመራ ሒሳብ ይልካሉ። አታንሺላቸው።»

«እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላለች ፊናው። ከጎኑ የሳቂታ ፊት ምልክት አለ።

ሲያሌ ትዝ አላት። ሥራ ላይ ነበረች፤ አንዱን ፋይል ዘግታ ሌላውን ስትከፍት። የመልእክቱን የመጀመሪያ መስመር ብቻ ነበር ያነበበችው። ከዚያ ቀን እስከ ሞቷ ዘጠኝ ቀን አለ። ቆጠረችው፤ እንደገና ቆጠረችው።

ሴቫ ከኋላዋ ሆና አንብባለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አጥፊው» አለች። «እናትሽ ይኼን አይችሉትም። እኔን እንደሆነ አንዴ ጠልተውኛል።»

የሲያሌ አውራ ጣት መልእክቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ተነሣች።

ድንኳኑ ውስጥ የአባቷ እህት አክስት ካሎላይን፣ በወጋቸው ለአባት እህት በሚሰጠው የክብር ቦታ ተቀምጠዋል። እናቷ አጠገባቸው ናቸው። ሲያሌ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠብቃ መሀል ላይ ቆመች።

«ፊናው መርፌውን አልተወጋችም» አለች። «ሣጥኑን አየሁት፤ አልተከፈተም። ሴቫ ምንም አላደረገችም። ልቧ ነው። ሐኪም ሆስፒታል ሂጂ ብላት ነበር። አትስሚያት ያልኳት እኔ ነኝ።»

እናቷ ልጃቸውን ሳይሆን መሬቱን አዩ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ አክስት ካሎላይን።

ሲያሌ መቀመጥ አቃታት። በቶንጋ ወግ ሐዘንተኛ ሁሉ ወገቡ ላይ የሚያስረው ሰሌን ከእሷ ተፈትቶ ወደ ጉልበቷ ተንሸራቷል። ጫፉን በአንድ እጇ ያዘችው።

ሴቫ ከበሩ መጥታ ፊቷ ተንበረከከች። እጇን ገና የድስት ሳሙና ሽታ አልለቀቀውም። ሰሌኑን ወደ ላይ አንሥታ ወገቧ ላይ ጠቀለለችላት፤ ገመዱን ሁለቴ አዙራ ሳበችው።

«ጠበቀብሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

ሲያሌ አዎን ስትል ራሷን ነቀነቀች። ሴቫ ትንሽ ላላ አድርጋ ቋጠረችላት።