የመሪጌታ ኃይለ መስቀል ልጅ

ጥሩብርሃን የየካ ሚካኤሉ መሪጌታ የኃይለ መስቀል ልጅ ናት። ሃያ ዓመት ሲሞላት ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ጃዝ መዝፈን ጀመረች። አባቷ ይህን የሰሙ ዕለት «እኔ ዘፋኝ አልወለድኩም» ብለው በር ዘጉባት። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ቃል አልተለዋወጡም።

ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ሆቴሉ ምሽቱን ሲያጣ ባንዱም ተበተነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሾመ ጥሩብርሃንን አስጠርቶ የኪነት ቡድኑ ውስጥ መደባት። አንድ ቀን በልምምድ መሃል ግጥም የሌለው ዜማ ስታንጎራጉር ደረሰባት።

«የዚህ ዘፈን መልእክት ምንድን ነው?»

«ዜማው ነዋ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እዚህ መልእክት የሌለው ነገር አይዘፈንም!»

አልተከራከረችም፤ በነጋታው የአብዮት ማርሽ ዘፈነችለት። እሑድ እሑድ ግን ከተበተነው ባንድ ሳክስፎን ተጫዋች ከሂርጳ ጋር እንጦጦ ትወጣለች። የባሕር ዛፉ መሃል ቆመው ያሻቸውን ሲጫወቱ እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው «እስቲ ድገሚልን» ይሏታል።

አንድ የጥቅምት እሑድ ዐይኗን ጨፍና እየዘፈነች ሳለ ሂርጳ መንፋቱን ድንገት አቆመ። ዐይኗን ስትገልጥ አባቷ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እዚያው እንጦጦ ካለችው ኪዳነ ምሕረት ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው።

«ይህን ከማን ተማርሽው?» አሉ።

«ከእርስዎ፣ አባባ። ተማሪዎችዎን ዜማ ሲያስጠኑ ከጓሮ ሆኜ እሰማ ነበር።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ከቤተ ክርስቲያናችን ዜማ አራራዩ ነው። ግን ትቸኩያለሽ። አራራይ ማለት የሚያራራ ማለት ነው፤ ልብ ደግሞ የሚራራው ቀስ ሲሉለት ነው። እስቲ እንደገና።»

ቀስ ብላ ዘፈነች። እስክትጨርስ ቆመው ሰሟት።

«ዘፈኑን አልባርክልሽም» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽን ግን መጥተሽ ጠይቂያት።»

በሳምንቱ ሄደች። እናቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ መሪጌታ ዳዊታቸውን መድገም ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ስለ ዘፈን አንስተው አያውቁም፤ ሊሸኟት ሲወጡ ብቻ «ያ ባለ ዋሽንት ደኅና ነው?» ይላሉ።

ጥሩብርሃን በቀበሌው ኪነት ዘጠኝ ዓመት ቆየች። የሰዓት እላፊው ሲላላ አንድ ሌላ ሆቴል ቀጠራት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፤ እሷ ግን ሞልቶ እንደፈሰሰ ቆጥራ ዘፈነች።